እቴጌ ምንትዋብና የቍስቋም ቤታቸው

በጎንደር ከነገሡት መካከል ሕንፃ በማሠራት ስማቸው የቆየ ብዙዎች ናቸው። ዐፄ ፋሲል ከተማይቱን በ1628 ዓ.ም. ቈርቍረው ትልቁን ግንብ አሠሩ፤ ታላቁ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተከሉ፤ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሻቸውን አቆሙ። ነገር ግን ከውጭው የድንጋይ ጌጥ ጀምሮ እስከ ውስጡ መጋረጃ ድረስ ቤትን አንድ ሥራ አድርጎ በማሰብ ከእቴጌ ምንትዋብ የሚስተካከል የለም ብዬ አምናለሁ። ታሪካቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዙፋኑና የመኳንንቱ ጠብ ነው። እኔ በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት የምተርከው ስላሠሩት ቤት፥ ስለ ድንጋዩና ስለ ኖራው፥ ስለ ሸምበቆውና ስለ ሐሩ፥ ይልቁንም ይህን ሁሉ በእጃቸው ስለ ሠሩት ሰዎች ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት ከጎንደር በስተ ምዕራብ በቋራ አገር፥ በ1698 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። የእርሳቸው የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው፤ ምንትዋብ የተባሉት ስለ መልካቸው ውበት ነው። ዐፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው በአገሩ ሲዘዋወሩ በቋራ እንደ ታመሙ፥ የገቡበትም ቤት ልጅ እንዳስታመመቻቸው፥ ከዳኑም በኋላ እንዳገቧት በአፍ ይነገራል። ይህ ታሪክ ይሁን ተረት ለመለየት ያስቸግራል፤ ዳሩ ግን ጎንደሬ ሁሉ ሲያወራው ደስ ይለዋል።

በዚያ ዘመን የቋራም ሆነ የወገራ ባላገር ቤት ከእንጨት፥ ከጭቃና ከሣር የሚሠራ ነበረ። በውስጡ ያለውም ዕቃ ጥቂት ነው፤ የጭቃ መደብ፥ የጠፍር አልጋ፥ ቁርበትና አጎዛ፥ የሸክላ ጋንና እንስራ፥ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ መሶብ፥ ከቀንድ የተሠራ ዋንጫ። ወደ ደጋው ሲወጣ፥ በደባርቅና በስሜን በኩል፥ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ባና ይጨመርበታል። ይህን መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ መንግሥቱ የምናገኘው ጌጥ ከዚህ ከባላገሩ ቤት ጋር ዝምድና አለውና፥ አንባቢ ዕቃውን በልቡ ይዞ እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ዐፄ በካፋ በመስከረም 1723 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ እናታቸው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ሴት ዘውድ ጭና በመንግሥቱ ሥራ እንዲህ መግባቷ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበረ። እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውን ከቋራ አምጥተው ሾሙ፤ ከእነርሱም ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ዋነኛው ናቸው። በ1725 ዓ.ም. አንዳንድ መኳንንት ሌላ ንጉሥ አንግሠው ግቢውን ከበቡ። እቴጌይቱና ልጃቸው ግን ከግንቡ ውስጥ ሆነው ጸኑ፤ ከውጭም ጦር ደርሶላቸው ዐመፁ ከሸፈ።

በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ይሁን እንጂ ልባቸው ያረፈበት ስፍራ ቍስቋም ነው። ቍስቋም ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ በተራራ ሥር ትገኛለች። ስሟ የመጣው እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከደብረ ቍስቋም ነው፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይውላል። እዚህ ላይ ደብረ ፀሐይ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በአጠገቡም መኖሪያቸውንና የግብር አዳራሻቸውን አቆሙ፤ ሁሉንም በግንብ አጥር ከበቡት። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈጸመው በ1733 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልናገር። የጎንደር ግንብ በተለይ ከሁለት ዓይነት ድንጋይ ይሠራ ነበር። አንደኛው በከተማው ዙሪያ የሚገኘው ጠቆር ያለ ጠንካራ ድንጋይ ነው። መዶሻ ቢያርፍበት ይፈነጠራል እንጂ እንደ ልብ አይቀረጽም፤ ስለዚህ ግንበኛው መጠኑን እየመረጠ በኖራ ያያይዘዋል። ሁለተኛው በቍስቋም በኩል የሚፈለጠው ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ይህ ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የረጋ ስለ ሆነ ለስላሳ ነው፤ መሮ ይቀበላል። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ ለበርና ለመስኮት ቅስት የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቀዩን ድንጋይ ከመስኮቱ ዙሪያ አልፎ በግድግዳው ላይ በሰፊው ለጌጥ እንዲውል አደረጉ። በቍስቋም ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ መስቀሎችና የቅዱሳን ምስሎች በዚሁ ድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ፤ አንበሳ የሚጋልቡት የዋልድባው አቡነ ሳሙኤልም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁሩ እንደ ሸማው መደብ፥ ቀዩ እንደ ጥለቱ ሆኖ ይታያል። ሠራተኛው ድንጋዩን ያልሆነውን ሁን ብሎ አላስገደደውም። ጠንካራው ይሸከማል፤ ለስላሳው ያጌጣል።

ኖራውም የራሱ ታሪክ አለው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በአገራችን እንዳገኘ በዚያ ጊዜ እዚህ የነበረው ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ አልሜዳ ጽፏል። ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው ውስጥ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ እንደ ገና ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። በኬሚስትሪ ክፍል ይህን ስንማር ምሳሌው ከመጽሐፉ ይልቅ በደጃችን ቆሞ እንደሚገኝ ብዙዎቻችን ልብ አላልንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ሠራው? የእቴጌይቱ ስም በዜና መዋዕሉ በሰፊው ይገኛል፤ የግንበኛውን ስም ፈልጎ ማግኘት ግን ችግር ነው። ከጎንደር ግንበኞች፥ ብረት ሠሪዎችና ጣራ ክዳኞች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በዚያ ጊዜ ፈላሻ እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በስሜንና በወገራ ከነገሥታቱ ጋር ብዙ ዘመን ተዋግተው ከተሸነፉ በኋላ ርስታቸውን ስላጡ ኑሯቸው በእጅ ሥራ ላይ ወደቀ። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፥ ሸማኔና ግንበኛ፥ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ከአለቆቻቸው አንዳንዶቹ ስለ ሕንፃው ሥራ ከነገሥታቱ ማዕረግና መሬት ተቀብለዋል። በእስላም ቤት ሠፈር ይኖሩ ከነበሩት ሙስሊሞችም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ነበሩ።

ይህን ስጽፍ ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልሁት ነገር አለ። ቀጥቃጩ ማረሻውንና መሮውን፥ የበሩንም ማጠፊያ ሠርቶ ሲያመጣ ይፈለጋል፤ ሲመሽ ግን ቡዳ ነው፥ ጅብ ይሆናል እየተባለ ይሸሻል። የሸክላ ሠሪዋ ድስት በየቤቱ ምድጃ ላይ ተጥዶ ይውላል፤ እርሷ ግን ከዚያ ቤት ማዕድ አትቀርብም። ያለ ቀጥቃጩ መሮ ያ ቀይ ድንጋይ መስቀል ባልሆነም ነበር። ሥራውን እየወደዱ ሠሪውን መናቅ የጎንደር ብቻ ነውር አይደለም፤ በአገራችን በየስፍራው የነበረ ነው። ነገር ግን እንደ ጎንደር ያለ ከተማ በእጅ ሥራ ስሙን አግኝቶ የእጅ ሠራተኛውን መስደቡ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ከእኛ መካከል ዛሬም ቢሆን ይህን ስድብ በቀልድ የሚናገር አይጠፋም፤ ቀልዱ ግን አያስቅም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከሰምርኔስ ከተማ ሸሽተው የመጡ የግሪክ ብር አንጥረኞች ጎንደር ደረሱ፤ በቤተ መንግሥቱም ውስጥ አንድ አዳራሽ እንዲያስጌጡ ታዘዙ። በኋላ ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ግድግዳው በዝሆን ጥርስ ተለብጦ በልዩ ልዩ ቀለም ኮከብ ኮከብ ተደርጎበት ነበር። ከቬኒስ የመጡ ሦስት ትልልቅ መስተዋቶች የወርቅ ቅብ ባለው የመዳብ ክፈፍ ተሰቅለው ነበር። ጣራው ደግሞ ከተሰነጠቀና ቀለም ከተቀባ ሸምበቆ የተሠራ ነበር፤ ስንጥቁ በቅርጽ በቅርጽ እየተገጣጠመ ሥዕል ይሰጣል።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ የሚያደንቁት መስተዋቱን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጣራው ነው። መስተዋቱ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በሰው ጫንቃና በበቅሎ የመጣ ዕቃ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛው ይችላል። ሸምበቆ ግን የወንዝ ዳር ተክል ነው። ሸምበቆን ሰንጥቆ፥ ቀለም ሰጥቶ፥ መስመሩን ጠብቆ ማጋጠም የመሶብ ሰፊ ጥበብ ነው። እናቶቻችን ስንደዶውን እየሰነጠቁ፥ ቀለም እየነከሩ፥ ከመሐል ጀምረው ክብ እያዞሩ ሲሰፉ ያየ ሰው ያን የንጉሥ ጣራ በሐሳቡ ለማየት አይቸግረውም። ትልቅ መሶብ ተገልብጦ ከራስ በላይ የተከደነ ይመስለኛል።

ከሁሉ የበለጠው ግን የሐሩ መጋረጃ ነው። በዛሬው ጊዜ በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም የሚገኝ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የሐር መጋረጃ አለ፤ በካናዳም በቶሮንቶ ከተማ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ከዚያ የሰፋ ሌላ አለ። ሁለቱም የጎንደር ሥራ ናቸው። በለንደኑ ላይ የንጉሥ፥ የንግሥትና የሕፃን ልጃቸው ምስል ከካህናትና ከአሽከሮች ጋር ተሸምኖ ይታያል፤ እነርሱም ዐፄ በካፋ፥ እቴጌ ምንትዋብና ኢያሱ እንደ ሆኑ ይታመናል። መጋረጃው በቤተ ክርስቲያን መቅደሱን ለመጋረድ የተሠራ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ነገሩ የሚያስደንቀው በዚህ ነውና። ተራው ሸማኔያችን ድሩን ወጥሮ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ይህ መጋረጃ ግን በሌላ መንገድ የተሸመነ ነው። በየማዕዘናቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ይዘጋጃሉ፤ በየቀዳዳው ክር ይገባል። ሸማኔው ሰሌዳዎቹን ሲያዞር ክሮቹ ከላይ ወደ ታች ይለዋወጣሉ፤ በዚያም መካከል ማጉ ይገባል። ምስሉ የሚወጣው የትኛው ሰሌዳ ወዴት እንደሚዞር በማወቅ ነው። ይህ አሠራር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ለቀበቶና ለጠባብ ጥብጣብ ይውላል። የጎንደር ሸማኔዎች ግን በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ እያዞሩ የሰው ምስል፥ ልብሱንና መስቀሉን ሳይቀር፥ በሰፊ መጋረጃ ላይ አወጡ። በዚህ መንገድ ተሸምኖ የእነዚህን የሚያህል ትልቅ ሥራ በዓለም አልተገኘም። የሐር ክሩ ከቻይና አገር በንግድ የመጣ ነው፤ እጁ ግን የጎንደር እጅ ነው።

ሥዕሉንም ያሣሉት በዚሁ መንገድ ነው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። የዚያን ዘመን ሠዓሊ ግድግዳውን በጭቃና በጭድ ለስኖ፥ በላዩ የጥጥ ሸማ አጣብቆ፥ በሸማው ላይ ይሥል ነበር። በናርጋ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ይህ ሁሉ ያለ ወጪ አልሆነም። መኳንንቱ ንጉሡ በአደንና በቤት ጌጥ ገንዘብ ይጨርሳሉ እያሉ ያጕረመርሙ ነበር። ዐፄ ኢያሱ በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘምተው ድል ሆኑ። በሰኔ 1747 ዓ.ም. ሲሞቱ በግምጃ ቤቱ የተገኘው ገንዘብ ከጥቂት ዲናር አይበልጥም ነበር ይባላል። እቴጌይቱም በኀዘን ተይዘው ዓለምን ትተው ቍስቋም ሊገቡ ፈለጉ። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሐሳብ አለኝ። አንድ መንግሥት ግምጃ ቤቱን ባዶ አድርጎ ቤት ማስጌጡ ጥፋት ነው፤ ገበሬው የከፈለው ግብር ነውና። ደግሞም ለቬኒስ መስተዋት የወጣው ወርቅ ተመልሶ እንዳልመጣ፥ ለጎንደር ግንበኛና ለጎንደር ሸማኔ የወጣው ግን በአገር ውስጥ እንደ ቀረ አስባለሁ። ሁለቱን ወጪዎች በአንድ ስም ማባከን ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም።

የቀረው ሕይወታቸው አሳዛኝ ነው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ የእርሳቸውና የምራታቸው ወገኖች ግን በቤተ መንግሥቱ ተከፋፈሉ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል ከሞቱ በኋላ የሚይዝ ጠፋ። የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ለማስታረቅ ተጠርተው መጡ፤ በግንቦት 1761 ዓ.ም. ኢዮአስ በእርሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ። እኒህ ራስ የእቴጌይቱን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን እጅ ይዘው ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን ሬሳ ቀብረው ከዚያ ወዲህ ኑሯቸውን በቍስቋም አደረጉ።

ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ሲመጣ በቍስቋም ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። እቴጌይቱ አስጠርተውት የታመሙትን እንዲያይ አደረጉ። እርሱም በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፤ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አስጠነ፤ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበረ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ሐኪሙ ብቻ አይደለም። ቤቱ ብዙ ክፍልና ሰፊ መስኮት ባይኖረው ኖሮ አየሩ በምን ይገባ ነበር? የቀይ ድንጋዩ ቅስት ለጌጥ ብቻ እንዳልቆመ ከዚህ ይታወቃል።

እቴጌ ምንትዋብ በሰኔ 1765 ዓ.ም. ዐረፉና በቍስቋም ተቀበሩ።

ከእርሳቸው በኋላ የቤቱ ዕቃ እየተራ ጠፋ። ዐፄ ቴዎድሮስ፥ እርሳቸውም የቋራ ሰው ነበሩ፥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ብዙውን ዘርፎ ወሰደ፤ በለንደን ያለው መጋረጃ አገሩን የለቀቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ከተማይቱን መዘበሩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ዛሬ በቍስቋም የምናየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የዝሆን ጥርሱ፥ መስተዋቱና የሸምበቆው ጣራም የሉም። ጣሊያኖች በያዙን ጊዜ የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑ ሲሚንቶ አገቡበት። ሲሚንቶ ግን ውሃ አፍኖ ይይዛል፤ ከአሮጌውም ግንብ ጋር አይስማማም። ስለዚህ በኋላ ጥገና ሲደረግ እንደ ጥንቱ በኖራ መሥራት ተጀመረ፤ ግንበኞችም የአያቶቻቸውን አቦካክ እንደ ገና መማር ግድ ሆነባቸው። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢንና ቍስቋምን ጨምሮ የጎንደርን ሕንፃዎች በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1979 ነው።

ከከተማው በስተ ሰሜን በወለቃ መንደር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል። ሸክላ መሥራቱ ግን አልቀረም፤ ሌሎች ሴቶች ይዘውታል። በቍስቋም የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ጣራው ወድቆ ግድግዳው ቆሟል፤ ቀያዮቹ መስቀሎችም በላዩ ናቸው። የእቴጌ ምንትዋብ፥ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ዐፅም በአንድነት በመስተዋት ሣጥን ሆኖ በዚያው በደብሩ ይገኛል።